ኢኢጂ ምንድን ነው?

እዚህ ጣና ዳር ሰው በሚጥል በሽታ ሲወድቅ ብዙ ጊዜ ክብሪት ይጫራል። ክብሪቱ አይጠቅመውም። ከድንጋይና ከውሃ ማራቅ፣ በጎኑ ማስተኛት፣ አፉ ውስጥ ምንም ነገር አለመክተት ይበቃል። ሐኪም ዘንድ ሲደርስ ደግሞ «ኢኢጂ ያስፈልገዋል» ሊባል ይችላል። ያኔ ቤተሰብ ይደነግጣል። ኮረንቲ ሊያስይዙት ነው ብሎ የሚፈራ አለ። ሐሳቡን ሊያነቡበት ነው የሚልም አይጠፋም።

ሁለቱም አይደለም። ኢኢጂ፣ በሙሉ ስሙ ኤሌክትሮኢንሴፋሎግራም፣ አንጎል ራሱ የሚያመነጨውን ኤሌክትሪክ ከራስ ቆዳ ላይ ተቀብሎ የሚመዘግብ ምርመራ ነው። ወደ አንጎል የሚልከው ነገር የለም። ጨረር የለውም፣ አያምምም።

የአንዲት የአንጎል ሴል ኤሌክትሪክ እጅግ ትንሽ ስለሆነ አጥንቱን አልፎ አይወጣም። ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቅጥር ውጭ ቆሞ ማሕሌት የሚያዳምጥ ሰው የአንዱን ደብተራ ድምፅ ለይቶ አይሰማም። ሁሉም አብረው ሲያነሱት ግን ዜማው ይደርሰዋል። ኢኢጂም የሚይዘው እጅግ ብዙ ሴሎች በአንድ ጊዜ የሚሠሩትን ነው። እንዲያም ሆኖ ቆዳ ላይ የሚደርሰው ከ10 እስከ 100 ማይክሮቮልት ገደማ ነው። አንድ ማይክሮቮልት የቮልት ሚሊዮንኛ ነው። የቤታችን መብራት 220 ቮልት ነው።

ፀጉር ትልቅ ጉዳይ የሚሆነውም ለዚህ ነው። በተለመደው አሠራር ኤሌክትሪኩን የሚቀበሉ 21 ገደማ ትንንሽ ኤሌክትሮዶች በቅባት መሰል ማጣበቂያ ራስ ቆዳ ላይ ይለጠፋሉ። ማጣበቂያው ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ ቅቤ ግን አያስተላልፍም። ስለዚህ ፀጉሯን ቅቤ የተቀባች ሴት ቀድማ በደንብ ታጥባ መምጣት አለባት። ሹሩባ ከሆነም መፍታት ሊያስፈልግ ይችላል። ይህን አስቀድሞ የሚነግር ሰው ከሌለ፣ ከሩቅ ገጠር የመጣች እናት ምርመራው ሳይሠራላት ልትመለስ ትችላለች። ሲበዛ ያሳዝናል፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበርና። በአሜሪካ የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሹሩባ መሐል የሚገባ ኤሌክትሮድ ሠርተዋል። ትልቅ ሥራ ነው። ጥቅጥቅ ያለ ፀጉር ያለው ሰው «አይመችም» ተብሎ ከጥናት በቀረ ቁጥር፣ ስለ አንጎል የምናውቀው ስለ ጥቂት ሰዎች አንጎል ብቻ ይሆናል።

የሰውን ኢኢጂ መጀመሪያ የመዘገበው ሃንስ በርገር የተባለ ጀርመናዊ የአእምሮ ሐኪም ነው። በ1924 እ.ኤ.አ. የና ከተማ ውስጥ መዘገበ፣ በ1929 አሳተመው። ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ሲያርፍ በሰከንድ ከ8 እስከ 13 ጊዜ የሚመላለስ ሞገድ አገኘ፤ አልፋ አለው። ዓይን ሲገለጥ ይህ ሞገድ ይቀንሳል። ዛሬም ባለሙያው «ጨፍኚ፣ ግለጪ» ሲል የሚያየው አንዱ ነገር ይኸው ነው። በጥልቀት ማስተንፈስና ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ማሳየትም አለ።

ኤፍኤምአርአይ የሚባለው ሌላው የአንጎል ምርመራ ዘዴ የሚያየው በአንጎል ውስጥ ያለውን የደም ለውጥ ነው። ቦታን በደንብ ይለያል፣ ግን ደሙ ከሴሎቹ ሥራ በሰከንዶች ይዘገያል። ኢኢጂ ቦታ ላይ ደካማ ነው፤ ጊዜን ግን በሰከንድ ሺኛ ይከተላል። ዋጋውም በጣም ያነሰ ነው።

አሁን ዋናው ነገር። ኢኢጂው «ንጹሕ ነው» ማለት በሽታው የለም ማለት አይደለም። የሚጥል በሽታ ካለባቸው ሰዎች በመጀመሪያው ምርመራ ምልክቱ የሚታየው በግማሾቹ ገደማ ነው። ምርመራው በሚካሄድባት በዚያች ግማሽ ሰዓት አንጎሉ ጸጥ ብሎ ሊሆን ይችላል። ለሐኪሙ የዓይን ምስክር ቃል ትልቅ ዋጋ አለው፤ ሲወድቅ ያየ ሰው አብሮ ይሂድ፣ በስልክ የተቀረጸ ቪዲዮ ካለም ይታይ። ወረቀቱ ንጹሕ ነው ተብሎ መድኃኒት በራስ ፈቃድ አይቋረጥም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ በትክክል ተመርምረው ከታከሙ ሕሙማን እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት ሳይወድቁ መኖር ይችላሉ።