የሩሲያ ፊገር ስኬቲንግና ተከታዮቹ

ፊገር ስኬቲንግ ከስሩ ስለት ያለው ጫማ አድርጎ በበረዶ ሜዳ ላይ ከሙዚቃ ጋር እየተንሸራተቱ፣ እየዘለሉና እየተሽከረከሩ የሚወዳደሩበት ስፖርት ነው። የሴቶች ነጠላ፣ የወንዶች ነጠላ፣ ጥንዶችና አይስ ዳንስ የሚባሉ አራት ዘርፎች አሉት፣ ከ2014 ጀምሮ ደግሞ ኦሎምፒክ ላይ የቡድን ውድድር ተጨምሯል። ሩሲያ ውስጥ ይሄ ስፖርት ከሆኪ ጋር እኩል ቤተሰብ ተሰብስቦ በቲቪ የሚያየው ነገር ነው፣ ግን ደጋፊው ከኳስና ከሆኪ ደጋፊ በጣም ይለያል ምክንያቱም ክለብ የሚባል ነገር ብዙም አያስጨንቀውም፣ የሚደግፈው ሰው ነው። አንዲት ልጅ ገና በ11 ወይ በ12 ዓመቷ ስትወዳደር አይቶ ይወዳታል፣ ከዛ አሰልጣኝ ስትቀይር፣ ቁመቷ ሲጨምርና ዝላዩ ሲጠፋባት፣ ስትጎዳ፣ ተመልሳ ስትመጣ ሁሉ አብሯት ነው። ይሄ ሁሉ ደግሞ አንዳንዴ በሦስት አራት ሲዝን ውስጥ ያልቃል።

በአማርኛ ስለዚህ ስፖርት ተሰባስቦ የተጻፈ ነገር ማግኘት ስለሚከብድ ይሄ ዳሰሳ የተለቀመው በብዛት ከውድድር ቪዲዮዎች፣ ከነጥብ ወረቀቶችና ከስኬተሮቹ ቃለ ምልልሶች ነው፣ ለዚህም ነው ከ2014 ወዲህ ያለው ሰፋ ብሎ የድሮው ግን አጠር ብሎ የቀረበው። ዓመቶቹና ቀኖቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የድሮው ዘመን

የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና የተካሄደው በ1896 እዛው ሩሲያ ሴንት ፒተርስበርግ ውስጥ ነው። ሩሲያ በኦሎምፒክ ታሪኳ የመጀመሪያውን ወርቅ ያገኘችውም በዚሁ ስፖርት ነው፣ ኒኮላይ ፓኒን በ1908 ለንደን ላይ በረዶው ላይ ቅርፅ በመሳል ውድድር አሸንፎ። ከዛ በኋላ እስከ 1964 ሌላ የኦሎምፒክ የፊገር ስኬቲንግ ወርቅ የለም።

በ1964 ኢንስብሩክ ላይ ሉድሚላ ቤሉሶቫና ኦሌግ ፕሮቶፖፖቭ የሚባሉ ባልና ሚስት በጥንዶች ወርቅ ወሰዱ፣ በ1968 ደገሙት፣ በ1979 ደግሞ ሶቭየትን ጥለው ስዊዘርላንድ ቀሩ። እነሱ የጀመሩት ድል ግን አልቆመም፣ ከ1964 እስከ 2006 ድረስ በ12 ተከታታይ ኦሎምፒኮች የጥንዶች ወርቅ ከሶቭየትና ከሩሲያ እጅ አልወጣም (2002 ላይ ለሁለት ተከፍሎም ቢሆን)። ከነዚህ ውስጥ ሦስቱ የኢሪና ሮድኒና ናቸው፣ ከ1969 እስከ 1978 ድረስም በየዓመቱ የዓለም ሻምፒዮን ነበረች፣ አስር ጊዜ ማለት ነው። አንጋፋ ደጋፊዎች እስካሁን የሚያነሱት የ1973ቱን ብራቲስላቫ ነው፣ ሮድኒናና አሌክሳንደር ዛይትሴቭ ፕሮግራማቸውን እየሠሩ ሙዚቃው ድንገት ተቋረጠ፣ እነሱ ግን አላቆሙም፣ ያለ ሙዚቃ እስከ መጨረሻው ሠርተው አሸነፉ።

ከዛ የኢካቴሪና ጎርዴቫና ሰርጌይ ግሪንኮቭ ዘመን መጣ፣ 1988ና 1994 ወርቅ፣ ከዛ ግሪንኮቭ በኅዳር 1995 ልምምድ ላይ እያለ በ28 ዓመቱ በልብ ሕመም አረፈ።

ያጉዲንና ፕሉሼንኮ

አሁን ያለው የደጋፊ ባህል፣ ማለትም ጎራ ለይቶ መከራከሩ፣ መልኩን የያዘው በነዚህ ሁለት ልጆች ነው ማለት ይቻላል። አሌክሲ ያጉዲንና ኢቭጌኒ ፕሉሼንኮ ሁለቱም ፒተርስበርግ ውስጥ በአሰልጣኝ አሌክሲ ሚሺን ስር ነበሩ። ፕሉሼንኮ ቮልጎግራድ የሚለማመድበት ሜዳ ሲዘጋ በ11 ዓመቱ ወደ ሚሺን የመጣ ልጅ ነው። ሁለቱ አንድ ሜዳ አልበቃቸው ሲል ያጉዲን በ1998 ወደ ታቲያና ታራሶቫ ሄደ (የታዋቂው የሆኪ አሰልጣኝ የአናቶሊ ታራሶቭ ልጅ ናት)፣ ከዛ በኋላ ከ1998 እስከ 2004 ድረስ የነበሩትን የዓለም ሻምፒዮናዎች ሁለቱ ብቻቸውን ተከፋፈሏቸው፣ ያጉዲን አራት ፕሉሼንኮ ሦስት። 2002 ሶልት ሌክ ላይ ፕሉሼንኮ በአጭር ፕሮግራሙ (ውድድሩ አጭርና ረጅም ፕሮግራም የሚባሉ ሁለት ክፍሎች አሉት) ኳድ፣ ማለትም አየር ላይ አራት ጊዜ የሚዞሩበት ዝላይ፣ ላይ ወደቀ፣ ያጉዲን ወርቁን ወሰደ፣ በረጅሙ ፕሮግራም አራት ዳኞች ለአቀራረቡ ሙሉ 6.0 ሰጡት። ፕሉሼንኮ ወርቁን በ2006 ቱሪን ላይ አገኘ። በ2010 ቫንኩቨር ላይ ኳድ ሠርቶ ኳድ ላልሞከረው ለአሜሪካዊው ኢቫን ላይሳቼክ መሸነፉ ግን ለፒተርስበርግ ደጋፊ እስከ ዛሬ ያልተዋጠ ነገር ነው፣ እውነት ለመናገር የማይዋጥም ነው።

የ2002ቱ የጥንዶች ጉዳይም አለ። ኢሌና ቤሬዥናያና አንቶን ሲካሩሊዜ አሸነፉ ተባለ፣ ቀጥሎ አንዲት ፈረንሳዊት ዳኛ ጫና ተደርጎብኝ ነው አለች፣ በኋላ ደግሞ ንግግሯን ቀየረች፣ መጨረሻ ላይ ለካናዳዎቹም ሁለተኛ ወርቅ ተሰጠ። ማን ይሻል ነበር የሚለው ዛሬም ያከራክራል። ይሄ ቅሌት ነው የ6.0ን ስርዓት አፍርሶ አሁን ያለውን፣ እያንዳንዱ ዝላይ የራሱ ዋጋ ያለውን የነጥብ አሰጣጥ ያመጣው።

ሶቺ 2014

ሩሲያ በሴቶች ነጠላ የኦሎምፒክ ወርቅ አግኝታ አታውቅም ነበር። ኢሪና ስሉትስካያ በ2002 ብር፣ በ2006 ነሐስ ይዛ ነው የቀረችው። ሶቺ ላይ አዴሊና ሶትኒኮቫ በ224.59 ነጥብ የደቡብ ኮሪያዋን ዩና ኪምን (219.11) በልጣ ያንን ታሪክ ዘጋች። ኮሪያ በዳኝነቱ ላይ ቅሬታ አስገባች፣ ዓለም አቀፉ የስኬቲንግ ማኅበር አልተቀበለውም። ሶትኒኮቫ በረጅሙ ፕሮግራም ሰባት ትሪፕል (ሦስት ዙር ዝላይ) ሠርታለች፣ ኪም ስድስት፣ ሒሳቡ ይሄ ነው።

የሰውን ልብ የወሰደችው ግን የ15 ዓመቷ ዩሊያ ሊፕኒትስካያ ነበረች። ከየካተሪንበርግ የመጣች ትንሽ ልጅ፣ ቀይ ልብስ ለብሳ በቡድን ውድድሩ ላይ ስትሽከረከር እግሯ ከጭንቅላቷ በላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። በአንድ ሳምንት ዓለም አወቃት። ከዛ በኋላ በሄደችበት ሁሉ ካሜራ፣ በየውድድሩ ትችት፣ በ2017 ከምግብ ጋር በተያያዘ ሕመም (አኖሬክሲያ) ታክማ ስፖርቱን ማቆሟን አሳወቀች። ብዙ ደጋፊ ስለ ሕፃናት ስኬተሮች አያያዝ በቁም ነገር ማውራት የጀመረው ከሷ በኋላ ነው።

የሞስኮዋ ፋብሪካ

የሊፕኒትስካያ አሰልጣኝ ኢቴሪ ቱትበሪዜ ሞስኮ ውስጥ ክሩስታልኒ በሚባለው ሜዳ፣ በሳምቦ-70 ትምህርት ቤት ስር ትሠራ ነበር፣ ከ2014 እስከ 2022 ያለው የሴቶች ስኬቲንግ በአብዛኛው የዚህ ሜዳ ታሪክ ነው። ኢቭጌኒያ ሜድቬዴቫ 2016ና 2017 የዓለም ሻምፒዮን ሆነች፣ የምትሸነፍ አትመስልም ነበር። ከዛ እግሯ ተሰበረ፣ በዛው ሲዝን እዛው ሜዳ ላይ አሊና ዛጊቶቫ የምትባል የ15 ዓመት ልጅ ብቅ አለች። ፒዮንግቻንግ 2018 ላይ ሁለቱ በረጅሙ ፕሮግራም እኩል 156.65 አገኙ፣ ልዩነቱ ከአጭሩ ፕሮግራም የመጣ ነው፣ ዛጊቶቫ 239.57 ሜድቬዴቫ 238.26። አንድ ነጥብ ከምናምን። በዚች ነጥብ ምክንያት የተጣሉ ሰዎች ዛሬም አልታረቁም። ዛጊቶቫ ዝላዮቿን በሙሉ የፕሮግራሙ ሁለተኛ አጋማሽ ላይ ነበር የምትሠራቸው፣ እዛ ጋ 10 በመቶ ተጨማሪ ስለሚሰጥ፣ ከዛ ሲዝን በኋላ ሕጉ ተቀይሮ ጭማሪው ለመጨረሻዎቹ ዝላዮች ብቻ ሆነ። ሜድቬዴቫ ወደ ካናዳ አሰልጣኝ ብራያን ኦርሰር ጋ ሄደች፣ ዛጊቶቫ 2019 የዓለም ሻምፒዮን ሆና በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ከውድድር አረፍኩ አለች። የጃፓን ደጋፊዎች ሁለቱንም እንደራሳቸው ነው የሚወዷቸው፣ ለዛጊቶቫ ማሳሩ የተባለ የአኪታ ቡችላ ሞስኮ ድረስ መጥቶ ተሰጥቷታል፣ የጃፓን ጠቅላይ ሚኒስትር አቤም እዛው ነበሩ።

ከዛ ሦስቱ መጡ፣ ትሩሶቫ፣ ሽቸርባኮቫ፣ ኮስቶርናያ። አሌክሳንድራ ትሩሶቫ በመጋቢት 2018 በታዳጊዎች የዓለም ሻምፒዮና በአንድ ፕሮግራም ሁለት ኳድ ሠራች፣ ከዛ በፊት ሴት ኳድ የሠራችው በ2002 ጃፓናዊቷ ሚኪ አንዶ ብቻ ነበረች። አልዮና ኮስቶርናያ ኳድ የላትም፣ ትሪፕል አክስል የሚባለው የሦስት ዙር ተኩል ዝላይና እንደ ውሃ የሚፈስ ስኬቲንግ ነበራት። አና ሽቸርባኮቫ ዝም ብላ ትሠራለች፣ ሦስት ጊዜ ተከታትላ የሩሲያ ሻምፒዮን ሆነች። በ2019 የግራንድ ፕሪ (በተለያዩ አገሮች የሚካሄድ ተከታታይ ውድድር) ፍጻሜና በ2020 የአውሮፓ ሻምፒዮና መድረኩን ለሦስት ያዙት፣ ሁለቱንም ኮስቶርናያ አንደኛ ሆና። የ2020 የዓለም ሻምፒዮና ሞንትሪያል ላይ በኮሮና ተሰረዘና የኮስቶርናያ ዋናው ዓመት በከንቱ አለፈ። በዛው ዓመት ትሩሶቫና ኮስቶርናያ ቱትበሪዜን ትተው ወደ ፕሉሼንኮ አካዳሚ ሄዱ፣ በዓመቱ ሁለቱም ተመለሱ። ያ ዓመት ለደጋፊው እንደ ቤተሰብ ፍቺ ነበር፣ ቀን ከሌሊት ቴሌግራም ላይ ክርክር ነው።

ፒተርስበርግና ቱክታሚሼቫ

ስለ ሞስኮ ይሄን ያህል ከተባለ ስለ ፒተርስበርግ ካልተባለ ዳሰሳው ጎዶሎ ነው። ኤሊዛቬታ ቱክታሚሼቫ በ1996 ግላዞቭ በምትባል የኡድሙርቲያ ከተማ ተወለደች (ዛጊቶቫም የኡድሙርቲያ ልጅ ናት፣ ከኢዥቭስክ)። በልጅነቷ ከግላዞቭ ፒተርስበርግ ድረስ በባቡር እየተመላለሰች ነው ሚሺን ጋ የሠለጠነችው። በ2012 የወጣቶች ኦሎምፒክን አሸነፈች፣ ሶቺ ግን ቀረባት፣ ሰው ሁሉ አለቀላት ሲል በ2015 ሻንጋይ ላይ ትሪፕል አክስል ሠርታ የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። ከዛ እንደገና ወረደች፣ 2018ም ቀረባት። በ24 ዓመቷ፣ እነዛ ባለ ኳድ ታዳጊዎች ባሉበት፣ ስቶክሆልም 2021 ላይ ከሽቸርባኮቫ ቀጥላ ብር ወሰደች፣ ትሩሶቫ ሦስተኛ። ዋናው ኦሎምፒክ ላይ አንድም ጊዜ አልቆመችም። ደጋፊዎቿ ንግሥተ ነገሥታት ይሏታል፣ ማጋነን አይደለም። ሴት ስኬተር በ17 ዓመቷ አታልቅም የሚለውን በተግባር ያሳየች እሷ ናት።

የጥንዶቹ ቤትም እዚሁ ፒተርስበርግ ነው። ታማራ ሞስክቪና ከ1984 እስከ 2002 ባሉት ጊዜያት አራት የኦሎምፒክ ሻምፒዮን ጥንዶችን አውጥታ በ2021 ደግሞ ሚሺናንና ጋሊያሞቭን የዓለም ሻምፒዮን አደረገች።

ደጋፊው እንዴት ይከታተላል

ዓመቱ የሚጀምረው መስከረም ላይ ነው፣ ስኬተሮቹ አዲሱን ፕሮግራማቸውን ያለ ነጥብ በሚያሳዩበት ክፍት ልምምድ። ማን አደገች፣ ማን ምን ሙዚቃ መረጠ፣ ቀሚሱ ምን ዓይነት ነው፣ ሁሉም እዛ ይታያል። ከዛ ግራንድ ፕሪ፣ በታኅሣሥ የሩሲያ ሻምፒዮና፣ ይሄኛው ሴቶቹ ጋ ከዓለም ሻምፒዮና ይከብዳል እየተባለ በደንብ ይጠበቃል። የደነደነ ደጋፊ ከነጥቡ ድምር ይልቅ ዝርዝር ወረቀቱን ነው የሚያየው፣ የትኛው ዝላይ ዙሩ ጎደለ፣ የትኛው በተሳሳተ የጫማ ጠርዝ ተነሳ፣ ዳኛው ከ-5 እስከ +5 ባለው የጥራት ነጥብ ስንት ሰጠ እያለ። ኳድ ሉትዝ (ከኳድ ዓይነቶች አንዱ) በ2018ቱ አዲስ ሰንጠረዥ 11.50 እንደነበር፣ ትሪፕል አክስል 8.00 እንደነበር በቃሉ ይነግራችኋል። ፕሮግራሙ ሲያልቅ አበባና አሻንጉሊት ወደ በረዶው ይወረወራል፣ ትንንሽ ስኬተሮች እየተንሸራተቱ ይለቅማሉ። የታዳጊዎች ውድድር ደግሞ ባዶ አዳራሽ ውስጥ ከጠዋት ጀምሮ ቢሆንም በቀጥታ የሚያይ ሰው አይጠፋም።

ከቤጂንግ ወዲህ

ካሚላ ቫሊዬቫ በ15 ዓመቷ ቤጂንግ 2022 ስትደርስ የዓለም ሪከርዶቹ የሷ ነበሩ። የቡድን ውድድሩ ካለቀ በኋላ በታኅሣሥ 25፣ 2021 ከሰጠችው ናሙና ትሪሜታዚዲን የሚባል ለስፖርተኞች የተከለከለ መድኃኒት መገኘቱ ተሰማ። በነጠላው ከአጭሩ ፕሮግራም በኋላ አንደኛ ነበረች፣ በረጅሙ እየወደቀች አራተኛ ሆነች። ሽቸርባኮቫ በ255.95 ወርቅ ወሰደች፣ ትሩሶቫ አምስት ኳድ ሠርታ በ251.73 ብር፣ የጃፓኗ ካኦሪ ሳካሞቶ ነሐስ። ትሩሶቫ ከካሜራ ፊት ይሄን ስፖርት እንደምትጠላው እየጮኸች አለቀሰች፣ አሸናፊዋ ሽቸርባኮቫ አሻንጉሊቷን ታቅፋ ብቻዋን ቆማ ታየች። የኦሎምፒክ ወርቅ አግኝታ እንኳን ደስ ያለሽ የሚላት ሰው አጠገቧ አለመኖሩ እስካሁን ያማል።

የቫሊዬቫ ወገን የአያቷ የልብ መድኃኒት ነው ብሎ ተከራከረ፣ የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤቱ ግን ማስረጃውን በቂ ሆኖ አላገኘውም፣ በጥር 2024 የአራት ዓመት እገዳ ጣለባት፣ እሱም ታኅሣሥ 25፣ 2025 አብቅቷል። የቡድን ወርቁ ለአሜሪካ ሆነ። ደጋፊው እዚህ ላይ አንድ ዓይነት አይደለም፣ ገሚሱ ንጹሕ ናት ይላል፣ ገሚሱ የ15 ዓመት ልጅ ምን የምታውቀው ነገር አለ፣ የሚጠየቁት ትልልቆቹ ናቸው ይላል፣ ይሄኛው ሚዛን የሚደፋ ይመስላል። ከቤጂንግ በኋላ፣ በ2022፣ የአዋቂዎች ውድድር ዝቅተኛ ዕድሜ ከ15 ወደ 17 ከፍ እንዲል ተወሰነ።

በመጋቢት 2022 ከዩክሬን ጦርነት ጋር በተያያዘ የሩሲያ ስኬተሮች ከዓለም አቀፍ ውድድር ታገዱ። አገር ውስጥ የራሳቸው ግራንድ ፕሪ ተጀመረ፣ ከ2021 ጀምሮ የነበረው የቻናል አንድ ዋንጫም (ዛጊቶቫና ሜድቬዴቫ ካፒቴን ሆነው የጀመሩት) ቀጠለ። በዚህ ዝግ ዘመን አዴሊያ ፔትሮስያን ኳድ ሉፕ ሠራች፣ ሴት ሠርታው የማታውቀው ዝላይ ነው፣ ውድድሩ ዓለም አቀፍ ስላልሆነ ግን መዝገብ ላይ አልሰፈረም።

በመስከረም 2025 ቤጂንግ ላይ በተደረገው የኦሎምፒክ ማጣሪያ ፔትሮስያንና ፒዮትር ጉሜኒክ ሁለቱም አንደኛ ወጥተው ያለ ባንዲራ፣ እንደ ገለልተኛ፣ ሚላን 2026 ላይ ለመወዳደር በቁ። እሷ ከሞስኮው የቱትበሪዜ ሜዳ፣ እሱ ከፒተርስበርግ ከቬሮኒካ ዳይኔኮ ጋር። ለጥንዶች ፈቃድ አልተሰጠም፣ ቤጂንግ 2022 ላይ ነሐስ የወሰዱት ሚሺናና ጋሊያሞቭ አገር ውስጥ ለመወዳደር ተገደዱ።