ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ

ለአንዱ የሚከብድ ነገር ብዙዎች ሲካፈሉት ይቀላል ማለት ነው። ግን ተረቱ መቅለሉን ብቻ ተናግሮ አላበቃም። ሎሚ ጎረምሳ ለጥምቀት ይዞት የሚወጣ፣ እያሸተተ የሚዞረው፣ ዓይኑ ላረፈባት ልጅ የሚወረውረው ነው። አንዷን ሎሚ የያዘ ሰው አይከብደውም፤ ጭራሽ ያምርበታል።

ዕድር ለድንኳን ሲያዋጣ፣ ቀበሌ ሕዝቡን ለእርከን ሥራ ሲጠራ ይህ ተረት ሳይነሳ አይቀርም። እኔን የሚከነክነኝ ግን ሃምሳው ሰው ሁሉ እኩል ጉልበት እንዳለው አድርጎ መቁጠሩ ነው።

ሴፍቲኔትን እንውሰድ። ምግብ ለሚያጥረው የገጠር ቤተሰብ በአብዛኛው በሥራ ምትክ እህል ወይም ገንዘብ የሚሰጠው ምርታማ ሴፍቲኔት የተባለው ፕሮግራም በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ተጠቃሚውን ማኅበረሰቡ ራሱ እንዲለይ ተደረገ። ይህ በአመዛኙ የሚሠራ ዘዴ ነው። በሬ የሌለው ማን እንደሆነ፣ የማን ጎተራ ፋሲካን እንደማይሻገር ጎረቤት ያውቃል። ዝርዝሩ በሕዝብ ፊት ሲነበብ ባለ ሁለት ጥማዱ ገበሬ «የድሃ ድሃ ነኝ» ብሎ ለመቆም ያፍራል (የማያፍርም አይጠፋም)። ለቀበሌው የተመደበው የተጠቃሚ ኮታ ሲያንስ ግን ይሉኝታ ይገባል፤ ስድስት ቤተሰብ ላለው አራቱ ብቻ ይመዘገቡለትና የቀረው ለሌላው ይዳረሳል። ሸክም ሲካፈሉት እንደሚቀል ሁሉ እህልም ሲካፈሉት ይቀላል።

ሥራው ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበረው። ለእርከኑና ለመንገዱ የሚወጣው ጉልበት በቤተሰቡ አባላት ቁጥር፣ ለእያንዳንዱ በወር 5 ቀን ተብሎ ይሰላ ነበር። ሦስት ሕፃናት ይዛ ብቻዋን የምትኖር እናት የአራት ሰው ድርሻ አለባት፤ 20 ቀን ድንጋይ ስትለቅምና ስትክብ ትከርማለች። የራሷን ማሳ መቼ ትረስ? ለእኩል አራሽ ትሰጠዋለች፣ ከምርቱም ግማሹ ይሄዳል። መዝገቡ ላይ ግን ስሟ አለ፤ ፕሮግራሙ ደርሷታል ይባላል። ጧሪ የሌላቸው አረጋውያን ከመነሻውም ያለ ሥራ ቀጥተኛ ድጋፍ ያገኙ ነበር። የተዘነጋችው «ጉልበት አላት» የተባለችው እሷ ናት። አንድ ሠራተኛ በወር ከተወሰነ ቀን በላይ አይሠራም የሚል ጣሪያ የመጣው ኋላ ላይ ነው።