መስመር ማቆራረጥ ምንድን ነው?

መስመር ማቆራረጥ ማለት አንድ ታክሲ ታፔላው ላይ የተጻፈውን መነሻና መድረሻ ትቶ ጉዞውን ለሁለት ወይም ለሦስት ቆርጦ ሲሠራ ነው። ታፔላው «መገናኛ – ሜክሲኮ» ይላል፣ ረዳቱ ግን «ስታዲየም! ስታዲየም!» እያለ ይጣራል። ስታዲየም ላይ ሁሉም ይወርዳል፤ ሜክሲኮ የሚሄደው ሰው እንደገና ሰልፍ ይይዛል፣ እንደገና ይከፍላል። የአዲስ አበባ ትራንስፖርት ቢሮ ስለ ታክሲ መግለጫ ሲሰጥ ከታሪፍ በላይ ማስከፈል፣ ትርፍ መጫንና መስመር ማቆራረጥ ተያይዘው ይነሳሉ። ከሦስቱ ለመያዝ የሚያስቸግረው የመጨረሻው ነው። ትርፍ የጫነ ታክሲ በመስኮት ይታያል፤ ከታሪፍ በላይ የጠየቀ ረዳት ሠንጠረዡ ይመሰክርበታል። የተቆረጠ ጉዞ ግን እያንዳንዱ ቁራጭ ለብቻው ሲታይ በሕጋዊ ዋጋ የተሠራ ይመስላል።

ነገሩን ለመረዳት ከታፔላው መነሳት ያስፈልጋል። ታፔላ ታክሲው ጣሪያ ላይ የሚሰቀለው፣ መስመሩ የተጻፈበት ሰሌዳ ነው። ከ2003 ዓ.ም. መገባደጃ ጀምሮ የዞን ስምሪት የሚባለው አሠራር ሥራ ላይ ሲውል ሰማያዊና ነጭ ሚኒባሶች በመስመር ተመደቡ፤ ከዚያ በፊት ሹፌሩ ሰው በበዛበት በኩል እንዳሻው ይሄድ ነበር። ታፔላ የያዘ ታክሲ ከመነሻው እስከ መድረሻው ሙሉውን መንገድ የመሥራት ግዴታ አለበት። መሃል ላይ ወራጅ ካለ ያወርዳል፣ ክፍት ቦታ ካለው ይጭናል፤ እስከ ወረደበት ድረስ ያለውን ታሪፍ ብቻ ይቀበላል። ይህ ግዴታ ሲጣስ ነው «ማቆራረጥ» የሚባለው።

አጣጣሱ አንድ ዓይነት አይደለም። በጣም የተለመደው ከመነሻው ጀምሮ ለግማሽ መንገድ ብቻ መጣራት ነው፤ ተሳፋሪው አውቆ ስለሚገባ ጭቅጭቅ አይኖርም። ሁለተኛው ሙሉውን ጠርቶ ጭኖ መሃል ላይ «ከዚህ አልፍም፣ ዝግ ነው» ማለት ነው። ሦስተኛውና እጅግ የሚያናድደው ማንም ሳይወርድ የሚደረገው ነው፦ ታክሲው መሃል ፌርማታ ላይ ይቆማል፣ ረዳቱ በሩን ይከፍትና የሚቀጥለውን ቁራጭ እንደ አዲስ ይጣራል፣ የተቀመጠውንም ሰው «ሒሳብ» ብሎ ደግሞ ይጠይቃል። ታፔላውን አውርዶ ወይም ገልብጦ ሌላ መስመር ላይ የሚሠራም አለ፤ ይህ በአብዛኛው የሚታየው ከመሸ፣ ተቆጣጣሪ ከየፌርማታው ከተነሳ በኋላ ነው። «ጫፍ ብቻ» የሚባለው ደግሞ መልኩ የተገለበጠ ወንድሙ ነው፦ መሃል የሚወርድ ሰው አልጭንም ማለት። ሁለቱም ሹፌሩ ከመስመሩ ውስጥ የሚያዋጣውን ብቻ መርጦ የሚወስድባቸው ናቸው።

ለምን ያዋጣል? ከታሪፉ አወጣጥ እንጀምር። የሚኒባስ ታሪፍ በርቀት እርከን የተሠራ ነው፤ የመጀመሪያው እርከን እስከ 2.5 ኪሎ ሜትር ነው፣ ከዚያ እስከ 5፣ ከዚያ እስከ 7.5 እያለ ይወጣል። ከመገናኛ በሃያ ሁለት፣ በኡራኤልና በስታዲየም አድርጎ ሜክሲኮ ወደ ሰባት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ስለዚህ ሦስተኛው እርከን ውስጥ ይወድቃል። እስከ ስታዲየም ያለውም አምስት ኪሎ ሜትርን ጥቂት ስለሚያልፍ ያው ሦስተኛው እርከን ውስጥ ነው። ከስታዲየም ሜክሲኮ የቀረችው አጭር መንገድ ለብቻዋ ስትቆረጥ ደግሞ የመጀመሪያው እርከን ትሆናለች። ለስሌት እንዲመች እያንዳንዱን እርከን በ5 ብር እንቁጠረው፤ ይህ ትክክለኛው የታሪፍ ሠንጠረዥ አይደለም። ሙሉው ጉዞ 15 ብር ነው። ተቆርጦ ሲሸጥ 15 እና 5፣ በድምሩ 20 ብር ይሆናል። 11 ተሳፋሪ ለያዘ ታክሲ 165 ብር የነበረው 220 ይሆናል። ሹፌሩ ከስታዲየም ቢመለስ እንኳ 165ቱን አላጣም፤ የመጨረሻውን መንገድ ሳይነዳ ሙሉውን ዋጋ ይዟል። በተሳፋሪው በኩል በአንድ ጉዞ 5 ብር፣ ደርሶ መልስ 10፣ በወር 22 የሥራ ቀን ብንል 220 ብር ነው። ይህ ረዳቱ ለሁለተኛዋ ቁራጭ ከታሪፍ በላይ ካልጠየቀ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ይጠይቃል።

ከእርከኑ በላይ ትልቁ ምክንያት ሰዓት ነው። ታሪፉ የሚቆጥረው ኪሎ ሜትር እንጂ ደቂቃ አይደለም። ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት፣ ማታ ከ11 እስከ 2 ሰዓት አንዱ የመስመሩ ክፍል ተዘጋግቶ ሲቆም፣ እዚያ ውስጥ የገባ ታክሲ ለዚያችው ኪሎ ሜትር ሁለትና ሦስት እጥፍ ጊዜ ይከፍላል፣ ነዳጅም ያቃጥላል። ስለዚህ መንገዱ የሚቆረጠው ሁልጊዜ መጨናነቁ ከሚጀምርበት ትንሽ ቀደም ብሎ ነው። በከተማው ካርታ ላይ ታክሲዎች የሚያቆራርጡባቸውን ቦታዎች ብትነቁጡ የትራፊክ መጨናነቁን ካርታ ታገኛላችሁ።

ሌላው ባዶ መመለስ ነው። ጠዋት ከአያት፣ ከጀሞ፣ ከቱሉ ዲምቱ ወደ መሃል ከተማ የሚመጣው ታክሲ እስከ በሩ ሞልቶ ነው፤ ሲመለስ ግን ሁለትና ሦስት ሰው ይዞ ነው የሚሄደው። ማታ ይገለበጣል። መድረሻው ድረስ ሄዶ ባዶውን ከመመለስ መሃል ላይ አራግፎ ሰልፍ ወደበዛበት መዞር ለሹፌሩ የተሻለ ገቢ አለው።

ይህን ሁሉ የሚያጦዘው የቀን ገቢ የሚባለው አሠራር ነው። አብዛኛው ሚኒባስ ባለቤቱና ሹፌሩ የተለያዩ ናቸው። ሹፌሩ ማታ ለባለቤቱ የሚያስገባው የተቆረጠ ገንዘብ አለ፤ መንገዱ ቢዘጋም፣ ዝናብ ቢጥልም ያው ነው። ነዳጁን ይሞላል፣ በየፌርማታው ለተራ አስከባሪ ይከፍላል፣ የረዳቱን ይሰጣል፤ የተረፈችው የእሱ ናት። እስከ ቀትር ድረስ የሚነዳው ለባለቤቱና ለነዳጁ ነው ማለት ይቻላል፣ ለራሱ የሚሠራው ከዚያ በኋላ ነው። የማታው ሰልፍ ሲደርስ ጥድፊያው የሚጨምረው ለዚህ ነው። ይህን የምለው ጥፋቱን ለማቅለል አይደለም፤ ልጇን አዝላ ስታዲየም ላይ የወረደችው እናት የሹፌሩን ሒሳብ የምትከፍልበት ምክንያት የለም። ግን ችግሩን የሹፌሮች ስግብግብነት ብቻ አድርጎ ማየት መፍትሔውንም ከቅጣት እንዳያልፍ ያደርገዋል።

ከፖለቲካው ጋር የሚገናኘውም እዚህ ላይ ነው። የነዳጅን ዋጋ የሚያስታውቀው የፌዴራል መንግሥት ነው፣ በንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር በኩል። የከተማውን የታክሲ ታሪፍ የሚያወጣው የከተማ አስተዳደሩ ነው። ነዳጁ ከሌሊቱ ጀምሮ ይጨምራል፤ የተስተካከለው ታሪፍ ግን አጥንቶ፣ አጸድቆ እስኪወጣ ጊዜ ይወስዳል። በሁለቱ መካከል ባሉት ቀናት ታክሲው በአዲስ ዋጋ ነዳጅ ቀድቶ በአሮጌ ታሪፍ ይሠራል። ልዩነቱ የሚሞላው በአደባባይ ዋጋ በመጨመር ሳይሆን መንገድ በመቁረጥ ነው፣ ይኼኛው አይታይማ። ከሐምሌ 2014 ጀምሮ ለሕዝብ ትራንስፖርት ተሽከርካሪዎች የታለመ የነዳጅ ድጎማ በቴሌብር እንዲሰጥ የተደረገው ይህን ክፍተት ለማጥበብ ነበር። ድጎማው ግን የሚሰላው በተቀዳው ነዳጅ ነበር፤ ታክሲው መስመሩን ጨርሶ መሥራት አለመሥራቱን አያይም ነበር።

የከተማው አሰፋፈርም ተለውጧል። ኮንዶሚኒየሞቹ የተሠሩት ዳር ዳሩን ነው፤ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማት ምክንያት ከፒያሳና ከካዛንቺስ የተነሱ ብዙ ቤተሰቦችም ወደ ዳር ሄደዋል። ሥራው፣ ትምህርት ቤቱ፣ ሆስፒታሉ ግን በብዛት መሃል ነው። ቀድሞ በእግሩ ወይም በአንድ ታክሲ ይደርስ የነበረ ሰው አሁን ሁለት ሦስት ይይዛል። እያንዳንዱ መስመር አንዴ ከተቆረጠበት አራትና ስድስት ጊዜ ይከፍላል ማለት ነው። የሚጎዳው በትክክል ይህ ሰው ነው፦ ሩቅ የሚኖረውና ዝቅተኛ ደመወዝ ያለው። አጭር መንገድ የሚሄደው ተሳፋሪ በማቆራረጡ ሊጠቀምም ይችላል፤ ስታዲየም ለሚወርድ ሰው «ስታዲየም» የሚል ታክሲ ቶሎ ይገኝለታል። አንድ ታክሲ ውስጥ ክርክር ሲነሳ ግማሹ ተሳፋሪ ዝም የሚለው አንድም በዚህ ነው።

ቁጥጥሩ ለምን አይሠራም? ተቆጣጣሪዎች በብዛት የሚቆሙት መነሻና መድረሻ ላይ ነው፣ ጥፋቱ የሚፈጸመው ግን መሃል ላይ ነው። መነሻው ላይ ታፔላውን ሰቅሎ፣ ተራውን ጠብቆ የወጣ ታክሲ መዝገብ ላይ ንጹሕ ነው። ቅጣቱም ቢሆን አልፎ አልፎ ሲመጣ ከቀን ወጪ እንደ አንዱ ይቆጠራል፤ ሹፌሩ በሳምንት አንዴ ተቀጥቶ በቀሪዎቹ ቀናት ካካካሰው ሒሳቡ አልተነካም። በእኔ ግምት ተቆጣጣሪዎቹን ከመነሻ አንስቶ ታክሲዎቹ ወደሚዞሩባቸው ቦታዎች ማዛወሩ ብቻ፣ ያውም በመግቢያና በመውጫ ሰዓት፣ ቅጣቱን እጥፍ ከማድረግ የተሻለ ውጤት ያመጣል።

አንበሳና ሸገር አውቶቡሶች ስለምን አያቆራርጡም ብሎ መጠየቅ ነገሩን ያጠራዋል። ሹፌሩ የወር ደመወዝተኛ ነው፤ ትኬት የተቆረጠበት ገንዘብ ለድርጅቱ ይገባል። መሃል ላይ ቢዞር የሚያተርፈው የለም፣ የሚያጣው ግን አለ። የቀላል ባቡሩም እንደዚያው ነው፤ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአያት – ጦር ኃይሎች መስመር መገናኛን፣ ስታዲየምንና ሜክሲኮን በአንድ ትኬት ያገናኛል። ችግሩ ሌላ ነው፦ ከ41ዱ ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጦት የቆሙባቸው ጊዜያት አሉ፣ አውቶቡሱም በዚያው መጨናነቅ ውስጥ ይያዛል። ለአውቶቡስ ብቻ የተለየ መንገድ በሰፋ ቁጥር ሚኒባሱ የሚቆርጠው መስመር ይቀንሳል።

ተሳፋሪው እስከዚያው ምን ያድርግ? ከመግባትዎ በፊት ጣሪያውን ይመልከቱ። የረዳቱ ጥሪና የታፔላው ጽሑፍ ካልገጠሙ ታክሲው ሊያቆራርጥ ነው። «ሜክሲኮ ጫፍ ይደርሳል?» ብለው ድምፅዎን ከፍ አድርገው ይጠይቁ፤ ሌሎቹ ተሳፋሪዎች መልሱን መስማታቸው በኋላ ይጠቅማል። ሒሳቡን ገና መነሻው ላይ ከመስጠት ይልቅ መስመሩ የሚቆረጥበት ቦታ እስኪያልፍ ቢቆዩ ይሻላል። ዝርዝር ብር መያዝም ይረዳል፤ ትልቅ ብር የሰጠ ሰው መልሱን ሲጠብቅ ነው መሃል ላይ የሚያወርዱት። ካወረዷችሁ ከታክሲው ፊት ለፊት ቆማችሁ የሰሌዳውን ኮድና ቁጥር፣ ታፔላው ላይ የተጻፈውን መስመር፣ የወረዳችሁበትን ቦታና ሰዓት በስልክ ፎቶ አንሱ። እነዚህ አራቱ ከሌሉ አቤቱታ የሚያነሳው ፋይል የለም፤ «አንድ ሰማያዊ ታክሲ» ብሎ ማመልከት ዋጋ የለውም። በአቅራቢያ የትራፊክ ፖሊስ ወይም የስምሪት ተቆጣጣሪ ካለ ታክሲው ሳይንቀሳቀስ መጥራት ነው፤ ከሄደ በኋላ ገንዘቡን ማስመለስ አይታሰብም። ሁለትና ሦስት ሆኖ መጠየቅ ደግሞ ከአንድ ሰው ጩኸት በጣም የተለየ ውጤት አለው፤ ረዳቱ ቀሪውን መንገድ ለመሄድ የሚስማማው ብዙ ጊዜ ያኔ ነው።

ብልሽት ከማቆራረጥ መለየት አለበት። ጎማ ቢፈነዳ፣ ሞተር ቢግል ወይም መንገዱ በእውነት በፖሊስ ቢዘጋ ታክሲው መቆሙ ጥፋት አይደለም። መለያው ረዳቱ የሚያደርገው ነው፦ ቀሪውን ሒሳብ ይመልሳል፣ ወይም ከኋላ የመጣ ታክሲ አስቁሞ ተሳፋሪዎቹን ከፍሎ ያሳፍራል። ገንዘቡን ይዞ በዚያው ቦታ አዲስ ተሳፋሪ መጣራት ከጀመረ የተበላሸ ነገር የለም።