«የነብር ጅራት አይዙም፣ ከያዙም አይለቁም» ምን ማለት ነው?

ይቺን ተረት ብዙ ሰው ለማስፈራሪያ ነው የሚጠቅሳት፣ ከባለጉልበት ጋር አትካሰስ አርፈህ ተቀመጥ ለማለት። እሱ ግማሹ ነው እንጂ። ጉዱ ያለው «ከያዙም አይለቁም» የምትለዋ ላይ ነው፣ ነብር ጅራቱ ሲያዝ ዞሮ ሊቧጭርህ ይታገላል፣ ስትለቀው ደሞ ነፃ ሆኖ ፊቱን ወዳንተ ያዞራል፣ ስለዚህ ክሱን ከመሰረትክ በኋላ መሀል ላይ ልተወው ስትል ነው ተረቷ በደንብ የምትመጣው።

በእውን የደረሰበት ቦታ ልንገራችሁ፣ ሰሜን ህንድ ሩድራፕራያግ። እዛ አንድ ነብር እ.ኤ.አ. ከ1918 እስከ 1926 ድረስ 125 ሰው በልቷል፣ መንገዱ ወደ ኬዳርናትና ባድሪናት የሂንዱ መቅደሶች የሚሄዱ ተሳላሚዎች የሚያልፉበት ነበር፣ ሲመሽ ግን ከፍርሃት የተነሳ ውጭ የሚታይ ሰው አልነበረም። የሚያናድደው ግን ሁለቴ እጃቸው ገብቶ ነበር! አንዴ ወጥመድ ውስጥ ገባላቸው፣ የበላቸው ሰዎች መንፈስ ይከተለናል ብለው የሚገድል ጠፋ፣ ገዳይ ከሩቅ አስጠርተው እሱ እስኪደርስ ነብሩ መሬቱን ቆፍሮ ወጣ። ሌላ ጊዜ ዋሻ ገብቶ በሩን በእሾህ ዘጉበትና ቀናት ጠበቁት፣ ህዝቡ ተሰብስቦ ሳለ አንዱ አውቃለሁ ባይ እዚህ ምንም ነብር የለም ብሎ እሾሁን ሲያነሳው አጅሬ ተፈትልኮ በሰው መሀል አለፈ (ሁሌ እንዲህ አይነት ሰው አይጠፋም መቼስ)። ከዛ በኋላ ዓመታት ሙሉ ሰው ሲበላ ኖሮ በሜይ 1926 አዳኙ ጂም ኮርቤት ማታ ዛፍ ላይ አድብቶ ገደለው።

እሱው ኮርቤት በ1907 ቻምፓዋት ላይ የገደላት ሴት ታይገር ደሞ ከዚህም ትብሳለች፣ ኔፓልና ህንድ ውስጥ 436 ሰው ጨርሳለች ይባላል። ከሞተች በኋላ አፏን ሲያየው የቀኝ በኩል ላይኛው ክራንቻ ከግማሹ፣ ታችኛው ከስሩ ተሰብሯል፣ የድሮ ጥይት ነው። አንድ ሰው ተኩሶ አቁስሎ ትቷታል ማለት ነው፣ በዛ ጥርስ የዱር እንስሳ አድና መብላት ሲያቅታት ወደ ሰው ዞረች። በዛ ዘመን በነበሩ የህንድ አዳኞች ዘንድ ያቆሰልከውን አውሬ ደሙን ተከትለህ፣ ቁጥቋጦ ውስጥም ቢሆን ገብተህ መጨረስ ግዴታህ ነው ይባል የነበረው ለዚህ ነው፣ ካልሆነ ሂሳቡን የሚከፍለው በማግስቱ እንጨት ለመልቀም የወጣው ገበሬ ነው።