ለሕፃን ኛሜን የሚያሳይ የለም

የጋና አካኖች «ኦቢ ንቼሬ አቦፍራ ኛሜ» ይላሉ፤ ለሕፃን ኛሜን የሚያሳየው የለም ማለታቸው ነው። ኛሜ ከአማልክት ሁሉ በላይ ያለው ፈጣሪ ነው፤ ሰማይም በዚሁ ስም ይጠራል። ሰምና ወርቅ ለለመደ ጆሮ አባባሉ እንግዳ አይሆንም። ሰሙ፦ በጀርባው የተኛ ሕፃን ዓይኑን ሲገልጥ ሰማዩ ፊት ለፊቱ ነው፤ «ያውልህ» ብሎ የሚጠቁምለት አያሻውም። ወርቁ፦ የበላዩን አምላክ ለማወቅ ሰባኪ አይጠበቅም። (በኦሮሞም ዋቃ ፈጣሪም ሰማይም ነው።)

አንዳንዶች ከዚህ ተነሥተው «አካኖች ፈጣሪን ማወቅ ከሰው ጋር አብሮ ይወለዳል ብለው ያምናሉ» ይላሉ። ለእኔ ግን አባባሉ ያን ያህል አይሄድም። ሕፃኑ ሰማይን ከእናቱ ማኅፀን ይዞት አልመጣም፤ ዓይኑን ገልጦ አየው እንጂ። የተባለው ኛሜ ከማንም አልተሸሸገም ነው።

ይህም በአካኖች ዘንድ ቀላል ነገር አይደለም። ከኛሜ በታች ያሉት አቦሶም የተባሉት አማልክት፣ ለምሳሌ የታኖ ወንዝ አምላክ፣ የሚናገሩት መንፈሳቸው በሚያርፍበት ካህን፣ በኦኮምፎው አፍ ነው። ኛሜም አልፎ አልፎ ካህናት ነበሩት፤ ዋናው አምልኮቱ ግን በየሰው ግቢ ነበር። ባላ እንጨት ይተከልና በባላው ላይ የሸክላ ዕቃ ይቀመጥ ነበር፤ መሥዋዕቱም እዚያው ይደረግ ነበር። ኛሜ ዱአ፣ የኛሜ ዛፍ፣ ይሉታል። «ለኦኛንኮፖን የምትነግረው ካለህ ለነፋስ ንገረው» የሚል ሌላ አባባልም አላቸው፤ ኦኛንኮፖን የዚያው የኛሜ ስም ነው።

እነዚህ አባባሎች አንድ ጊዜ ለምስክርነት ተጠርተዋል። ኤ. ቢ. ኤሊስ የተባለ የእንግሊዝ መኮንን እ.ኤ.አ. በ1887 ባሳተመው መጽሐፍ፣ አካኖች የበላዩን አምላክ ከአውሮፓውያን ተዋሱት ብሎ ጻፈ። ነጭ ሳይመጣ አፍሪካዊ ስለ አንድ ፈጣሪ ሊያስብ አይችልም የሚለው ንቀት በዚያ ዘመን የተለመደ ነበር። የቅኝ ግዛት ሹም ቢሆንም የአካን ወገን የሆኑትን የአሻንቲዎችን ቋንቋ ጠንቅቆ የተማረው አር. ኤስ. ራትሬይ እ.ኤ.አ. በ1916 ምሳሌያዊ አነጋገሮቻቸውን ተርጉሞ ሲያሳትም ይህን ሐሳብ ተቃወመ። ክርክሩ አጭር ነበር፦ ኛሜ የሚነሣባቸውን አባባሎች የሚያውቋቸው ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ናቸው፤ ከአውሮፓውያን ጋር የተቀራረቡት ወጣቶች ግን እምብዛም አያውቋቸውም። ከነጭ የተገኙ ቢሆኑ ኖሮ ነገሩ ተገላቢጦሽ በሆነ ነበር።