አሊስ ጊ፦ ከጸሐፊነት ወደ ዳይሬክተርነት

ስለ ፊልም አጀማመር ሲወራ የሉሚየር ወንድማማቾችና የጆርጅ ሜልዬስ ስም ቶሎ ይነሳል። የአሊስ ጊ ስም ግን ብዙም አይነሳም። ይህች ፈረንሳዊት በዓለም የመጀመሪያዋ ሴት የፊልም ዳይሬክተር ናት።

እ.ኤ.አ. በ1873 ፓሪስ አጠገብ ተወለደች። በ1894 አንድ የካሜራ ዕቃ ድርጅት ውስጥ የሊዮን ጎሞን ጸሐፊ ሆና ተቀጠረች። በቀጣዩ ዓመት ከአለቃዋ ጋር ሄዳ የሉሚየሮችን ፊልም አየች፤ ሠራተኞች ከፋብሪካ ሲወጡ ያሳያል፣ በቃ። እሷ ደግሞ ታሪክ ያለው ነገር መሥራት አማራት። ጎሞን የቢሮ ሥራዋን እስካልበደለች ድረስ ፈቀደላት። ያኔ ፊልም እንደ ቁም ነገር አይታይም ነበርና፣ በሩ በቀላሉ የተከፈተላት ለዚህ ይመስለኛል።

የመጀመሪያ ሥራዋ አንዲት ተረት ዓለም ሴት ከትልልቅ ጥቅል ጎመኖች መሀል ሕፃናት ስታወጣ የሚያሳይ አጭር ፊልም ነው። አሊስ በ1896 እንደሠራችው ትናገራለች። ዛሬ የሚታየው ቅጂ የ1900 ነው፤ የታሪክ ምሁራን እስካሁን ይከራከሩበታል። ቀኑ ያከራክር እንጂ እስከ 1907 የጎሞንን የፊልም ሥራ የመራችው እሷ ናት። ድምፅ አልባ በሚባለው ዘመን እንኳ ዘፋኞችን ከሸክላ ድምፅ ጋር እያጣመረች ከ100 በላይ አጫጭር ፊልሞች ቀርጻለች።

በ1907 ኸርበርት ብላሼን አግብታ አሜሪካ ገባች። በ1910 ሶላክስ የተባለ የራሷን ኩባንያ አቋቋመች፤ በ1912 ኒው ጀርሲ ፎርት ሊ ላይ ስቱዲዮ ከፈተች። ሆሊውድ ገና ሳይገን የአሜሪካ ፊልም መናኸሪያ ፎርት ሊ ነበረች። ስቱዲዮው ግድግዳ ላይ ለተዋንያን «እንደ ተፈጥሯችሁ ሁኑ» የሚል ጽሑፍ ሰቀለች። በዚያው ዓመት የሠራችው «የሚረግፉ ቅጠሎች» ይህን ያሳያል። አንዲት ልጅ ሐኪሙ የመጨረሻው ቅጠል ሲረግፍ ሳንባ ነቀርሳ የያዛት እህቷ እንደምትሞት ሲናገር ትሰማለች። ከዚያ በሌሊት ልብሷ ወጥታ ቅጠሎቹን በክር ዛፉ ላይ ታስራለች። ለቅሶ የለ፣ ጩኸት የለ። ያኔ ተዋንያን እጅ እያወናጨፉ ይጫወቱ እንደነበር ለሚያውቅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጥቁር ተዋንያን ብቻ የተጫወቱበትን ፊልምም በ1912 ሠርታለች።

ሥራው ወደ ሆሊውድ ሲሸሽ ሶላክስ ከሰረ፤ ትዳሩም ፈረሰ። በ1922 ልጆቿን ይዛ ፈረንሳይ ተመለሰች፤ ከዚያ በኋላ ፊልም አልሠራችም። የባሰው ግን ስሟን መነጠቋ ነው። በ1906 የሠራችውን ስለ ክርስቶስ ሕይወት የሚተርክ ትልቅ ፊልም የታሪክ ጸሐፊዎች ለረዳቷ ለቪክቶረን ዣሴ ሰጡት። እሷም የራሷን ፊልሞች ዝርዝር እየጻፈች፣ ቅጂ እየፈለገች ዓመታት አሳለፈች። ፈረንሳይ በ1950ዎቹ ከፍተኛ የክብር ኒሻኗን ሌዥዮን ዶነርን ሸለመቻት። ኋላ ወደ አሜሪካ ተመልሳ በ1968 በ94 ዓመቷ ኒው ጀርሲ ውስጥ አረፈች፤ ማስታወሻዋ የታተመው ከስምንት ዓመት በኋላ ነው።