ቮልዩምና ሴንሲቲቪቲ አንድ አይደሉም

ኮክሌር ኢምፕላንት በቀዶ ጥገና ጆሮ ውስጥ የሚገባ የመስሚያ መሣሪያ ነው፤ ፕሮሰሰሩ ደግሞ በውጭ የሚደረገው፣ ድምፅ የሚቀበለው ክፍሉ ነው። ብዙ ፕሮሰሰሮች ላይ ቮልዩምና ሴንሲቲቪቲ የሚባሉ ሁለት ማስተካከያዎች አሉ፤ ሰው ግን ያምታታቸዋል። ቮልዩም የገባው ድምፅ ምን ያህል ጎልቶ እንደሚሰማህ ይወስናል። ሴንሲቲቪቲ ደግሞ ማይክሮፎኑ እስከ ምን ያህል ደካማ ድምፅ ድረስ እንደሚይዝ ነው። ባቲ የሰኞ ገበያ ገብተህ የሻጩም የግመሉም ድምፅ ሲደባለቅብህ ቮልዩም ብትጨምር ጩኸቱም አብሮ ይጨምራል፣ አጠገብህ ያለችው እህትህ የምትለው ያው አይለይልህም። እዚያ የሚሻለው ሴንሲቲቪቲውን ትንሽ ዝቅ አድርጎ ወደሚያናግርህ ሰው ጠጋ ማለት ነው። ትንሽ ነው ያልኩት! በጣም ካወረድከው የቅርቡም ንግግር ይጠፋብሃል። ቤት ስትገባ መልሰው፣ አለዚያ ከጓዳ ሲጠሩህ አትሰማም። የልጆችን ግን እባካችሁ ኦዲዮሎጂስቱን (የመስማት ባለሙያውን) ሳትጠይቁ አትነካኩ። አንዳንዱ ፕሮሰሰር በራሱ ያስተካክላል፣ አንዳንዱን ባለሙያው ይቆልፈዋል፤ ማስተካከያውን ካላገኘኸው ተበላሽቷል ማለት አይደለም።